ስልኩ የሚያውቀውና የማያውቀው፦ በጎንደር የአንድ ክሊኒክ የኦንላይን ቀጠሮ (የጉዳይ ጥናት)

ክሊኒኩና ተገልጋዮቹ

ጉዳዩ ጎንደር ውስጥ ያለ አንድ የግል ልዩ ክሊኒክን ይመለከታል። የክሊኒኩም ሆነ የሠራተኞቹ ስም እዚህ አይጠቀስም። ዋናው መሥሪያ ቤት መሀል ከተማ ነው፤ አዘዞ ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ አለው። ታካሚዎች ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከማክሰኝት፣ ከቆላድባ፣ ከአይከል፣ ከዳባትና ከደባርቅም ይመጣሉ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያ የሚመጣ ታካሚ ቀኑን ሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ይሰጣል። ሰዓቱ ተሳስቶ ከተመለሰ የጠፋበት የአውቶቡስ ዋጋ ብቻ አይደለም።

ቀድሞ ቀጠሮ የሚያዘው ካርድ ክፍል በመደወል ወይም በማለዳ መጥቶ ወረፋ በመያዝ ነበር። ሁሉም በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ በእጅ ይጻፋል። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ክሊኒኩ የኦንላይን ቀጠሮ ጀመረ። ሥራውን የያዘው አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን ያሰበው ራሱን እንደ ተጠቃሚው ሁኔታ የሚያስተካክል አገልግሎት ነበር፤ ተጠቃሚው ያለበትን ቦታ፣ ቋንቋውን፣ ሰዓቱንና የኔትዎርኩን ፍጥነት ከስልኩ አንብቦ ገጹን የሚቀይር ማለት ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው። የተሳካውን ካልተሳካው የለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ስልኩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሰውየው? ስልክ ስለ ራሱ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ስለ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ግን እዚህ አካባቢ ደጋግሞ ይከሽፋል፤ ስልኩን የያዘውና የሚታከመው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸውና።

የመጀመሪያው ሥሪት የገመታቸው ነገሮች

የመጀመሪያው ሥሪት አምስት ነገር በራሱ ይወስን ነበር። ቋንቋውን ከብሮውዘሩ (ድረ ገጽ ከሚከፍተው ፕሮግራም)፣ ቅርቡን ቅርንጫፍ ከአይፒ አድራሻው (ስልኩ ኢንተርኔት ላይ ከሚታወቅበት ቁጥር)፣ የቀጠሮውን ሰዓት አጻጻፍ ከስልኩ የሰዓት ክልል፣ የታካሚውን ማንነት ከስልክ ቁጥሩ፣ የገጹን ክብደት ከኔትዎርኩ ፍጥነት ይወስዳል። በሙከራ ወቅት ሁሉም ሠርተዋል። ሙከራውን ያደረጉት ግን የራሳቸውን ስልክ የያዙ፣ ለራሳቸው ቀጠሮ የሚይዙና ጎንደር ከተማ ውስጥ የተቀመጡ ወጣቶች ነበሩ።

እውነተኛዎቹ ተገልጋዮች ከዚህ የተለዩ ሆነው ተገኙ። ብዙውን ቀጠሮ የያዘው አስታማሚ ነው፦ ለእናቱ የሚይዝ ልጅ፣ ለአጎቷ የምትይዝ ተማሪ፣ ለጎረቤቱ የሚይዝ የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ። ከዋሽንግተንና ከቴል አቪቭ ሆነው ደባርቅ ወይም ጎንደር ላሉ ወላጆቻቸው የሚይዙም ነበሩ። ገጹ ግን ራሱን የሚያስተካክለው ለእነሱ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው አያውቀውም።

ምን ተበላሸ

ከሁሉም ጎጂው የሰዓቱ ጉዳይ ስለነበር በዝርዝር መታየት አለበት።

ሥርዓቱ ሰዓቱን በዩቲሲ (የሁሉም አገር ሰዓት በሚለካበት ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) መዝግቦ ለተመልካቹ በስልኩ የሰዓት ክልል ያሳይ ነበር። ለቪዲዮ ስብሰባ ትክክለኛ አሠራር ነው። ለሕክምና ቀጠሮ ግን ስህተት ነው። ክሊኒኩ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክፍት ቦታ አለው እንበል። ይህ በዩቲሲ ከንጋቱ 6፡00 ነው። ዋሽንግተን ያለው ልጅ በመስከረም ስልኩን ሲከፍት 2፡00 የሚል ያያል። አሜሪካ በዚያ ወቅት በበጋ ሰዓቷ ላይ ስለሆነች ከኢትዮጵያ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ልጁ ለእናቱ ደውሎ «ቀጠሮሽ 2 ሰዓት ነው» ይላታል። እናትየውም በእኛ 2 ሰዓት ካርድ ክፍል ትደርሳለች፤ አንድ ሰዓት ቀድማ ማለት ነው።

አደገኛ ያደረገው ስህተቱ ስህተት አለመምሰሉ ነው። የእኛ አቆጣጠር ከዓለም አቀፉ 6 ሰዓት ይጎድላል፣ የዋሽንግተን ሰዓት ደግሞ ከእኛ ቦታ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ በስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ከትክክለኛው የሚለየው በአንድ ብቻ ነው። «ሌሊት 9 ሰዓት» ቢል ማንም ይጠራጠር ነበር፤ «2 ሰዓት» ግን ለጠዋት ቀጠሮ ያለ ሰዓት ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስትመልስ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ያው የ3 ሰዓት ቀጠሮ 1፡00 ተብሎ ታየ። ካርድ ክፍሉ ችግሩን ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሰዎች በሩ ሳይከፈት መምጣት ስለ ጀመሩ።

ጎንደር ላሉትም ሰዓቱ አልቀናም። ገጹ 9፡00 ብሎ ሲጽፍ አንዳንዱ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መጣ፣ ሌላው 3 ሰዓት መሆኑን አውቆ በጊዜው ደረሰ። ሁለቱም ያነበቡት አንድ ጽሑፍ ነው።

የቀኑ አጻጻፍም ከዚህ አይሻልም። ቀኑ በቁጥር ብቻ 12/11/2024 ተብሎ ይታይ ነበር። ይህን ወሩን አስቀድሞ የሚያነብ ሰው ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ነው ይላል። ቀኑን የሚያስቀድም ኅዳር 3 ይላል። ኖቬምበርን ኅዳር ብሎ ለቤተሰቡ የሚያስተላልፍ ደግሞ ኅዳር 12 ብሎ ይናገራል። ከአንድ የቁጥር መስመር ሦስት ቀን ወጣ። የልደት ቀን መሙያው የባሰ ነበር፤ የወር ዝርዝሩ 12 ወር ብቻ ስለነበረው ጳጉሜን የተወለደ ሰው ወሩን አያገኘውም። አብዛኞቹ አረጋውያን ደግሞ ዕድሜያቸውን እንጂ የተወለዱበትን ቀን አያውቁትም፤ ቅጹ ግድ ስለሚል ካርድ ክፍሉ ለሁሉም መስከረም 1 እያለ ሞላ።

ቅርንጫፉን የመምረጡ ነገር ወዲያውኑ ወደቀ። የሞባይል ኢንተርኔት አይፒ አድራሻ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባን ያመለክታል፤ ስለዚህ ማራኪ ሰፈር የተቀመጠ ሰው ክሊኒኩ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅዎታል ተባለ። ኦፔራ ሚኒ የተባለውን ብሮውዘር የሚጠቀመው ደግሞ ገጹ በኩባንያው ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒዩተር) በኩል ስለሚመጣለት ከአገር ውጭ ተደርጎ ተቆጠረ። በጂፒኤስ ለመተካት ሲሞከር ፈቃድ የሚጠይቀው መስኮት ብዙዎችን አስፈራ፤ የፈቀዱትም ቢሆኑ የሰጡት የራሳቸውን ቦታ እንጂ የታካሚውን አይደለም።

ስልክ ቁጥርን የማንነት መለያ ማድረግ ከሰዓቱ ቀጥሎ ጎጂ ነበር። በአንድ ቁጥር አያት፣ እናትና ሕፃን ይጠቀማሉ። ሥርዓቱ ሁለተኛውን ሰው እንደ አዲስ ታካሚ መቀበል ትቶ የመጀመሪያውን ካርድ ይከፍት ነበር። በክሊኒክ ውስጥ ይህ የወረፋ ጉዳይ አይደለም፤ የአንዱ የደም ግፊት ታሪክ በሌላው ካርድ ላይ ሊጻፍ ይችላል።

ቋንቋውም እንዲሁ። ስልኩ በእንግሊዝኛ ስለተዘጋጀ ብቻ ገጹ በእንግሊዝኛ መጣ። ስልክ ሲገዛ የነበረበትን ቋንቋ ሳይቀይር የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው፤ ይህ የባለቤቱን የንባብ ቋንቋ አያሳይም።

እርማቱ

ቡድኑ እርማቱን የጀመረው ከሰዓቱና ከቀኑ ነው። ሕጉ አንድ ሆነ፦ የቀጠሮ ሰዓት ሁልጊዜ የክሊኒኩ ሰዓት ነው፤ ተመልካቹ የትም ይሁን። መዝገቡ እንደ ቀድሞው በዩቲሲ ቀጠለ፤ ጽሑፉ ግን ሰርቨሩ ላይ ተዘጋጅቶ ያለቀለት ሆኖ ይመጣል እንጂ ብሮውዘሩ አይጽፈውም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከ24ቱ ሰዓት አቆጣጠር 6 ይቀነሳል፣ ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ 12 ይጨመራል፣ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀነሳል። ከዚያ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ፊት ይገባል። ያለዚህ ቃል ምንም ሰዓት አይጻፍም። የስልኩ የሰዓት ክልል ከአዲስ አበባው የተለየ ሲሆን ብቻ ከሥሩ ሁለተኛ መስመር ይታከላል፦ የፈረንጁ ቀን ከወሩ ስም ጋር፣ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። ስልኩ ውጭ አገር መሆኑን ስልኩ በትክክል ያውቃል፤ ስለዚህ ለዚህ ያህል ምስክርነቱ ተወሰደ።

ቀኑን መቀየሪያው ከዓመቱ 7 ወይም 8 መቀነስ ብቻ አይደለም። ብዙ የሚሳሳቱት ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት ዙሪያ ነው። መቀየሪያው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እነዚህን ቀኖች በትክክል ማለፍ ነበረበት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዩዋሪ 20 ቀን 2024 ነው፤ ጥር 11 ቀን 2017 ግን ጃንዩዋሪ 19 ቀን 2025 ነው። ገናም መፈተኛ ነው፦ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ በሌሎቹ ዓመታት ታኅሣሥ 29። የ2016ቱን በዓል ታኅሣሥ 29 ብሎ የዘጋ ፕሮግራም ክሊኒኩን በተሳሳተ ቀን ይዘጋዋል።

የብሮውዘሩ ቀን መምረጫ የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ስለሚያሳይ ወጣ። በምትኩ ክፍት ቀኖች በዝርዝር መጡ፦ «ማክሰኞ ጥር 13»፣ «ረቡዕ ጥር 14»። የሚነካ ዝርዝር ለሁሉም ቀለለ፤ ከተሠሩት ሁሉ ትንሹን ድካም ጠይቆ ትልቁን ውጤት ያመጣው ይህ ነው ማለት ይቻላል። የልደት ቀንም ቀርቶ ዕድሜ በዓመት ብቻ ተጠየቀ።

ግምቱን የተኩት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው «ቀጠሮው ለማን ነው?» የሚል ሆኖ «ለራሴ» እና «ለሌላ ሰው» የሚል ምርጫ አለው። «ለሌላ ሰው» ሲባል ሁለት ስልክ ቁጥር ይጠየቃል፤ የአስታማሚውና የታካሚው፣ ታካሚው ካለው። ሁለተኛው «ታካሚው የሚመጣው ከየት ነው?» ነው፤ ከጎንደር ከተማ ጀምሮ የአካባቢው ከተሞች ተዘርዝረዋል። ይህ መልስ ቅርንጫፉንም ሰዓቱንም ይወስናል። ከደባርቅ ለሚመጣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ያለ ቦታ በመጀመሪያ አይቀርብለትም፤ መጨረሻ ላይ ግን «ከተማ ላድር ነው» ብሎ የጠዋቱን መምረጥ ይችላል። በባዶ ሆድ ለሚደረግ የስኳር ምርመራ ቢያንስ ለ8 ሰዓታት ምግብ አለመውሰድ ስለሚያስፈልግ ይህ አማራጭ ግድ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ የጾሙ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቋንቋው ያለ ጥያቄ ተፈታ። ገጹ ለሁሉም በአማርኛ ይከፈታል፤ መቀየሪያው ከላይ በግልጽ ይታያል፤ የተመረጠው ይታወሳል። የስህተት መልእክቶችም ተጻፉ። «የተሳሳተ ግቤት» የሚለው ወጥቶ «ስልክ ቁጥሩ 10 አኃዝ ሊሆን ይገባል፤ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል» የሚል ገባ። በ251 ወይም በ+251 የጻፈ ሰው ግን አይመለስም፤ ሥርዓቱ የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች ወስዶ ራሱ ያስተካክለዋል።

ስም ፍለጋው

ስልክ ቁጥር መለያ መሆኑ ሲቀር ታካሚን የመለየቱ ሸክም በስም፣ በአባት ስም፣ በአያት ስምና በካርድ ቁጥር ላይ ወደቀ። ቀድሞ የነበረው ቅጽ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይል ስለነበር ግማሹ ሰው የአባቱን፣ ግማሹ የአያቱን ስም ጽፏል። ሦስቱም ለየብቻ ተከፈሉ።

አንዲት ታካሚ ዓለምፀሐይ ብላ ትመዘገባለች፤ ልጇ አለም ጸሀይ ብሎ ይፈልጋታል፤ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ምንም አያገናኛቸውም። ለዚህ ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ የተደበቀ የፍለጋ ቅጂ ይቀመጣል። በቅጂው ውስጥ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው ይመለሳሉ፤ ክፍት ቦታም ይወጣል። ለዕይታ የሚቀርበው ግን ባለቤቱ የጻፈው ነው። ሰው ስሙን ኃይሉ ብሎ ከጻፈ ሀይሉ ብሎ ማተም ነውር ነው፤ ማስተካከያው ለማሽኑ እንጂ ለሰውየው አይደለም።

ሕዝባር ያላቸው ስሞች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ወ/ጊዮርጊስ፣ ገ/ማርያም፣ ኃ/ሚካኤል የመሰሉትን ፕሮግራሙ መጀመሪያ ይተነትናቸው ነበር፤ ወ/ ሲያገኝ ወልደ ይላል። በዚህ የተነሳ ወ/ሮ የምትለዋ ማዕረግ ወልደሮ ሆና ወጣች። ስለዚህ ማዕረጎች ማለትም አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ወ/ት፣ ዶ/ር፣ ቄስ፣ ሼህ ከሁሉም በፊት ይቆረጣሉ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ወ/ ሁልጊዜ ወልደ አለመሆኑ ነው፤ ለሴት ወለተ ይሆናል። ተ/ም ተክለ ወይም ተስፋ ሊሆን ይችላል፣ ኃ/ም ኃይለ ወይም ኃብተ። መፍትሔው መተንተኑን መተውና ማሳጠር ሆነ፦ ወልደ፣ ወለተ፣ ገብረ፣ ተክለ፣ ተስፋ፣ ኃይለና ኃብተ በፍለጋ ቅጂው ውስጥ ወደ መጀመሪያ ፊደላቸው ይታጠፋሉ። ከእነሱ በኋላ ቢያንስ ሦስት ፊደል ሲቀር ብቻ ነው ይህ የሚሆነው፤ አለዚያ ተስፋዬ የሚለው ስም ይጎዳል። ሥርዓቱ የሚመሳሰሉትን ሁሉ ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ትክክለኛውን የሚመርጠው ዕድሜውንና የሚመጣበትን ቦታ ያየ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። ሁለት ካርድን በራሱ የሚያዋህድ ፕሮግራም ክሊኒክ ውስጥ መኖር የለበትም።

አጭር መልእክቱ

ማስታወሻው በኤስኤምኤስ ይላካል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ግን 70 ብቻ፣ ክፍት ቦታና ነጥብ ተቆጥሮ። ከ70 ካለፈ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍልም 67 ይሆናል፤ ዋጋውም በክፍሉ ልክ ይባዛል። የመጀመሪያው መልእክት «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ጀምሮ የክሊኒኩን ሙሉ ስም፣ የምርመራውን ዓይነትና ምስጋናን ስለሚጨምር ሦስት ክፍል ይሆን ነበር። በአሮጌ ባለ ቁልፍ ስልኮች ላይ ክፍሎቹ ተዘበራርቀው ይደርሱና ሰዓቱ ያለበት ክፍል አንዳንዴ ይጠፋል።

የተስተካከለው እንዲህ ይላል፦ «ቀጠሮዎ ማክሰኞ ጥር 13 ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ካርድ ቁጥር 4127። ለመቀየር ይደውሉልን።» ይህ 57 ነው፤ የተረፈው 13 ለክሊኒኩ አጭር መጠሪያ ይሆናል። የምርመራው ዓይነትና የሐኪሙ ሙያ ሆን ተብሎ ወጥቷል። ስልኩ የጋራ ነው፤ የማህፀን ወይም የኩላሊት ክፍል የሚል መልእክት ጎረቤት ሊያነበው ይችላል። ከማጠሩ ይልቅ ይህኛው ምክንያት ይበልጣል።

ቀላል ገጽ፣ ደካማ ኔትዎርክ፣ መብራት

ስልኩ በትክክል የሚያውቀው ነገር የራሱን ኔትዎርክ ነው፤ ነገር ግን የክሮም ቤተሰብ የሆኑት ብሮውዘሮች ብቻ ፍጥነቱን ለገጹ ይናገራሉ፤ ሳፋሪና ፋየርፎክስ አይናገሩም። የመጀመሪያው ሥሪት መልስ ሲያጣ ከባዱን ገጽ ይልክ ነበር፦ የፋሲል ግንብ ተንሸራታች ፎቶዎች፣ የግእዝ ፊደል ፋይሎችና ካርታ፣ ድምሩ 2.4 ሜጋ ባይት። በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት በሚያመጣ መስመር ይህ ከ3 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ሕጉ ተገለበጠ፦ ቀላሉ ገጽ ለሁሉም ይሄዳል፣ ተጨማሪው ጥሩ ፍጥነት መኖሩ ሲረጋገጥ ብቻ። የዛሬ ስልኮች የግእዝ ፊደል አብሯቸው ስለሚመጣ የፊደል ፋይሉ ወጣ፤ ካርታው በጽሑፍ አቅጣጫ ተተካ፤ ገጹ ወደ 60 ኪሎ ባይት ወረደ። በዚያው መስመር 5 ሰከንድ ገደማ ነው። ቅጹም ጃቫስክሪፕት (ገጹን ብሮውዘሩ ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራም ቋንቋ) በሌለበት እንዲሠራ ተደረገ።

የጽሑፍ አቅጣጫው የታክሲ መውረጃውን፣ በአካባቢው ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ምልክትና ፎቁን ብቻ ይናገራል። ለባጃጅ ሹፌር የሚነበበው ይህ ነው። በካርታ ላይ ያለች ቀይ ነጥብ ለሹፌሩ አትነገርም።

ኔትዎርኩ ሲዘገይ ሰው «ያዝ» የሚለውን ደጋግሞ ይጫናል፤ ለአንድ ሰው ሦስት ቀጠሮ ይመዘገብ ነበር። አሁን ቅጹ ሲከፈት አንድ ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዚያው ቁጥር ሁለተኛ ጥያቄ ከመጣ ሰርቨሩ አዲስ አይመዘግብም፣ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። ማንኛውም የኦንላይን ቅጽ ይህ ሊኖረው ይገባል።

በክሊኒኩ በኩል ትልቁ ችግር መብራት ነበር። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ራውተሩ ይጠፋል፣ ከተነሳም በኋላ እስኪገናኝ ይዘገያል። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ለራውተሩ ብቻ ተለየለት። ይህ 84 ዋት ሰዓት ነው፤ 10 ዋት ለሚወስድ ራውተር ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሳይሟጠጥ 5 ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። ከዚህም ይልቅ የጠቀመው ወረቀት ነው፦ በየምሽቱ 11 ሰዓት የነገው ዝርዝር ይታተማል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር ያለ ኢንተርኔት ቀጠሮ መቀጠል መቻሉ እንደ ቅንጦት አይታይም። የደወለውን ሁሉ ካርድ ክፍሉ በዚያው ሥርዓት ይመዘግባል፤ ዳታ ሲቋረጥ በወረቀቱ ላይ ይጻፍና በኋላ ይገባል።

ጥምቀትና ጾም

ጎንደር ላይ ጥር 10፣ 11 እና 12 እንደ ሌላ ቀን አይቆጠሩም። በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ በጥምቀትና በቃና ዘገሊላ ሲመለሱ ዋና መንገዶች ይዘጋሉ፤ የሞባይል ኔትዎርኩም በእንግዳ ብዛት ይጨናነቃል። ስለዚህ እነዚህ ቀኖች ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ የጥር 13 ታካሚ ማስታወሻው በዋዜማው መላኩ ቀርቶ ጥር 9 ይደርሰዋል።

ጾሙ ይበልጥ ስሱ ነው። የታችኛው ሆድ አልትራሳውንድ የሽንት ፊኛ ሞልቶ መታየት አለበት፤ ታካሚው ከምርመራው አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ወደ 1 ሊትር ውኃ ይጠጣል። በዓቢይ ጾም የሚጾም ሰው እስከ ከሰዓት በኋላ ውኃ አይቀምስም፤ በረመዳን የሚጾም እስከ መግሪብ። ጠዋት የተቀጠረ ጿሚ ወይ ሳይጠጣ መጥቶ ይመለሳል፣ ወይ ጾሙን ሽሮ አዝኖ ይታከማል። ሥርዓቱ ማን ምን እንደሚጾም ከስም ወይም ከሰፈር ሊገምት አይገባውም፤ ቡድኑም ይህን ገና ከመነሻው ከለከለ። ጥያቄው የሚቀርበው ምርመራው ውኃ ሲጠይቅና ወቅቱ የጾም ሲሆን ብቻ ነው፦ «ታካሚው በዚያ ቀን ውኃ የሚጠጣው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» በመልሱ መሠረት ቦታው ይቀርባል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚጾምና ምርመራው ለማይጣደፍ ከጾሙ በኋላ ያሉ ቀኖች ይታያሉ። በዓቢይ ጾም የሚፈለገው ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው በመሆኑ የአልትራሳውንድ ባለሙያው የሥራ ሰዓት በወቅቱ ወደ ማታ ተገፋ። ገጹን ከመቀየር ይልቅ የሥራ ሰዓቱን መቀየር ነበር ጉዳዩ።

ያልሠራው

ማንበብ ለማይችሉ የተዘጋጀው የድምፅ ማብራሪያ ብዙም አልተነካም። ድምፁ በሰው መሀል ይሰማል፤ ሰው ሕመሙን በአደባባይ ማሰማት አይፈልግም። ማሽን የሚደውለው ማስታወሻም አልቀና፤ አረጋውያን «ማን ልበል?» ብለው ይጠይቁና መልስ ሲያጡ ይዘጋሉ። ከሩቅ ለሚመጡት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ በዋዜማው «እማማ፣ ነገ ይመጣሉ አይደል?» ብላ የምትደውለው እንዳለ ቀጥሏል፤ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው፤ መንገድ ቢዘጋ ወይም ታካሚው ቢደክም የሚታወቀውም በዚያ ጥሪ ነው።

የአዘዞው ቅርንጫፍ አሁንም አንድ ክፍተት አለበት። ዋናው ላይ የተከፈተ ካርድ እዚያ የሚታየው ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ነው።

ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምሩ

ገና ኮድ ሳይጻፍ ጥቂት ጠዋቶች ካርድ ክፍል አጠገብ ተቀምጦ ሰው ምን እንደሚጠይቅና ሠራተኛዋ ምን ብላ እንደምትመልስ መመዝገብ ይገባል። እዚህ የተገኙት ሦስቱ ጥያቄዎች እሷ ለዓመታት በስልክ ስትጠይቃቸው የኖሩ ናቸው፤ «ለማን ነው? ከየት ነው የሚመጡት? ጾም ላይ ነዎት?» ትል ነበር። መዝገቡ ዳር ላይ በእርሳስ የምትጽፈው ማስታወሻም በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ከስልኩ የሚወሰደውን መረጃ ሁሉ በሁለት ዝርዝር መክፈል ይጠቅማል። የኔትዎርክ ፍጥነት፣ የስክሪን ስፋት፣ የጃቫስክሪፕት መኖር አለመኖር፣ ስልኩ ያለበት የሰዓት ክልል በአንዱ ይገባሉ፤ እነዚህን ሳይጠይቁ መጠቀም ይቻላል። ቋንቋ፣ ማንነት፣ መኖሪያ፣ እምነትና የሚመች ሰዓት በሌላው ይገባሉ፤ እነዚህ ወይ ይጠየቃሉ ወይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ይቀርባሉ። መረጃው ከየትኛው ዝርዝር እንደሆነ ሲያጠራጥር ወደ ሁለተኛው ማስገባት ይሻላል፤ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ የሚያስከፍለው ጥቂት ሰከንድ ነው፣ የተሳሳተ ግምት ደግሞ ከደባርቅ የመጣን ሰው አንድ ቀን።

ሙከራው ላይ ለሌላ ሰው ቀጠሮ የሚይዝ፣ በተበደረው ስልክ የሚጠቀምና ውጭ አገር ያለ ሰው መካተት አለበት። ከሁሉም በፊት ግን ሰዓቱና ቀኑ፣ ቀጥሎ የተደጋገመ ምዝገባን የሚከለክለው ልዩ ቁጥር፣ ከዚያ የስም ፍለጋው ይሠሩ። ገንዘብ ካጠረ ከእነዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይቆይ፤ የምሽቱ የወረቀት ዝርዝር ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምር።